በጋኑ ክዳን ላይ የፈሰሰው ቀይ ሰም

ጋሽ ባህሩ ዋና አይችሉም ነበር። የማህበራችን የጀልባ ሞተር ሲበላሽ የሚጠገነው በእሳቸው እጅ ነው፣ እሳቸው ግን ሐይቁ ውስጥ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ገብተው አያውቁም። ሞተር የሚፈትሹት ወርክሾፓቸው ጓሮ፣ ውሃ በሞላ በርሜል ነው። ሞተሩን በርሜሉ ጠርዝ ላይ ያስሩታል፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለች ጠርሙስ በቀጭን ጎማ ቤንዚን ያጠጡታል፤ ገመዱን ስበው ያስነሱና ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። «ጋሽ ባህሩ ሞተሩን ንስሐ ሊያስገቡት ነው» እያልን እንስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። «ሦስት ነገር ነው የምትፈልገው» ይሉናል፤ ሞተርን እንደ ሴት ነው የሚጠሩት። «ቤንዚን፣ እሳት፣ አየር። ቀጥ ካለች ከሦስቱ አንዱ ጎድሏታል። ሌላ ተአምር የለም።»

ዘመኑ የደርግ፣ ዓመቱ ሰባ አራት፤ ሀዋሳን አዋሳ የምንልበት ጊዜ ነው። እኔ ጽጌሬዳ የዓሣ አስጋሪዎች ማህበር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው በስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል፣ ጀርባዬ ላይ የሰባት ወር ልጅ አለ፣ አንገቴ ላይ የዕቃ ቤት ቁልፍ። ዛሬ ምላሴን የምትፈሩ ሰዎች ያኔ ብታገኙኝ ምን ትሉ ነበር! ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች እንኳ እኔ ስመጣ ሳቃቸውን ይውጡ ነበር።

ቤንዚን ያኔ በኩፖን ነው። አንዲት የሞተር ጀልባ አለችን፤ መረብ ይዛ ወደ ቡሹሎ በኩል ትሄድና ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ጭና ትመለሳለች። ታዲያ ወሩ ሳያልቅ የሚሰፈርልን ቤንዚን ያልቃል። ማን ነው የሚጠጣው? እኔ በምን አውቄ! ሊቀመንበራችን ጓድ ሽበሺ ግን የሚያፈጥጠው እኔ ላይ ነው፤ ቁልፉ የኔ አንገት ላይ ነዋ።

አንድ ቀን የጀልባዋን የቤንዚን ጋን ሳገላብጥ፣ ክዳኑ አናት ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አየሁ። አፍንጫዬን ባስጠጋ ቤንዚን ይሸታል። «በለው! በዚህ ነዋ የሚያልቀው!» አልኩ። ግማሹ በዚች ቀዳዳ ይተናል፣ ግማሹን ደግሞ ክዳኑን ከፍተው ይቀዱታል። ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አገኘሁ። ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊት ቤንዚኑን በበትር ለክቼ እሞላለሁ፤ ክዳኑን በሲባጎ አስራለሁ፤ አናቱ ላይ ቀይ የማኅተም ሰም አቅልጬ አፈስስና የማህበሩን ማኅተም እመታበታለሁ። ጀልባዋ ስትመለስ ራሴ ሰብሬ እለካለሁ። ከኔ ሌላ የሰበረው ሰው ካለ፣ ለሱ ወዮለት።

ስብሰባ ላይ ሐሳቤን ሳቀርብ የተጨበጨበልኝ ጭብጨባ! ጓድ ሽበሺ «የነቃች ጓድ!» አለኝ። አሠራሩን ፈርሞ አጸደቀው፣ ለበላይ አካልም «የማህበራችን ውጤት» ብሎ ጻፈ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ስለኔ መሆኑን ምን አውቄ!

ጀልባዋ መቆም የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው። ከዳር በደህና ትነሳለች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዳ መሃል ሐይቅ ላይ ድምፅዋ ይቀጥንና፣ አቅሟ ድንገት ጥፍት ብሎ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንሳፍፋ ከቆየች በኋላ ትነሳለች፤ ትንሽ ሄዳ እንደገና ቀጥ። ነጂዎቹ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ እስኪመለሱ ዓሣው ፀሐይ ላይ ይሸትና ለአባ ኮዳ አሞራ ይጣላል። ጋሽ ባህሩ ሞተሩን ወስደው በርሜላቸው ላይ ያስሩታል፣ ከጠርሙሳቸው ያጠጡታል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይቆምም። እሳት የሚሰጣትን ካንዴላ ቀየሩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላትን ካርቡራቶር ፈትተው አጠቡ። «ምንም የላትም» ይላሉ። በማግስቱ ሐይቁ ላይ ቀጥ!

ጋኑን አላዩትም። ሞተሩ የወርክሾፕ ነው፣ ጋኑ የዕቃ ቤት፤ ሥራው እንደዚያ ነበር የተከፋፈለው። ጋኑ ከጀልባ እንደወረደ በቀጥታ ወደኔ ይመጣል፣ ይቆለፍበታል። ደግሞም ጋሽ ባህሩ ከታሸገ ነገር ይርቃሉ። ጴንጤ ናቸው፤ የሚጸልዩባት ቤት በዚያ ሰሞን በቀይ ሰም ታሽጋ ስለነበር፣ ማኅተም ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እኔ ግን ምን ብዬ አሰብኩ መሰላችሁ? ጀልባዋ መቆም የጀመረችው ከታሸገች ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ቤንዚን መቅዳት የተከለከለ ሰው ተናዶ ነው የሚያቆማት! ማን ነው ሞተሩን የሚነካው? ባህሩ። አፈር ልብላና፣ ይህን ለራሴ ብቻ አስቤ መች ተውኩት። ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው» አልኩ። ቃሉን መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አሻጥር ማለት ቀልድ አልነበረም፤ ከዚያ ባነሰ ቃል ስንቱ ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል።

ጋሽ ባህሩ ኋላ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ እኮ እስካሁን አላገኘሁትም እንጂ አላበላሸሁትም» አሉኝ። እኔ «ልጄ አትበለኝ!» ብዬ ተቀመጥኩ።

ጓድ ሽበሺ ፈረደ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማህበርተኛው ሁሉ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ጋሽ ባህሩ ጀልባዋን ራሳቸው ነድተው እስከ ቡሹሎ ደርሰው ይመለሳሉ። ካልቆመች ነፃ ናቸው። ከቆመች ግን ላንድሮቨር እዚያው ይጠብቃቸዋል። «ጓድ ጽጌሬዳም የማኅተሙ ጠባቂ ሆና አብራ ትሄዳለች» አለ። እሱ ራሱ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ውሃ ያቅለሸልሸዋል።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጄን ዓሣ ከሚበልቱት ሴቶች ለአንዷ ሰጥቼ ጋኑን አሸግሁና ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ላንድሮቨሩ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ተደግፈውታል። የጋሽ ባህሩ ሚስት እትዬ ሙሉጌጥ ከሰው ለብቻቸው ተነጥለው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ባህሩ ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ ሲያደርጉ አየሁና ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

አዋሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከተነሳንበት ከአሞራ ገደል ዳር ስንርቅ ውሃው ዝም ብሎ ነበር፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ይመታት ጀመር። ጋሽ ባህሩ በአንድ እጃቸው የሞተሩን መሪ፣ በሌላው የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይጸልያሉ። ሞተሩ ግን ሳያቋርጥ ይሠራል። እኔ ፊት ለፊታቸው፣ ጋኑ እግሬ ሥር።

ሃያ ደቂቃ ስንሄድ ድምፁ ቀጠነ።

ጋሽ ባህሩ ቀና አሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። ፍጥነት የሚሰጠውን የመሪውን እጀታ ቢያዞሩትም አልጨመረም። ሁለቴ ተንፈቀፈቀና ጠፋ። ወደ ዳር ዞሬ ሳይ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን አንሰዋል፤ የላንድሮቨሩ መስተዋት ብቻ ያብለጨልጫል። ከዚያ ሆነው መቆማችንን እንዳዩ አወቅሁ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። «አላልኩም? ይኸው አቆምካት!»

«ዝም በይ» አሉኝ። እኔን ዝም በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ ከኪሳቸው አወጡ። መጀመሪያ ሞተሩን ከውሃው ውስጥ ብድግ አድርገው ፕሮፔለሩን አዩ፤ ሣር የለበትም፣ መረብ አልተጠመጠመበትም። ካንዴላውን ፈቱ፤ ጫፉን በጣታቸው ዳሰው አሸተቱት። «ደረቅ ነው» አሉ። «እሳቱ ደህና ነው። ቤንዚን ነው ያልደረሰላት።»

«ቤንዚኑማ ሙሉ ነው! ራሴ ነኝ የሞላሁት!»

ካንዴላውን መልሰው ገጠሙና ቱቦውን ከሞተሩ ጀምረው በጣታቸው እየዳበሱ ወደኔ መጡ። አልተጠመዘዘም፣ አልተቀደደም። መሃሉ ላይ እንቁላል የምታህል ጎማ አለች፤ ስትጨመቅ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የምትገፋ። እሷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ጎማዋ ሟሽሻለች፤ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ጨመቋት፣ ለቀቋት፤ አልተነፋችም።

በዚያ መሃል ነፋሱ ወደ ቄጤማው እየገፋን ነው። ቄጤማው ውስጥ ጉማሬ እንዳለ አዋሳ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ማዕበል ዘልሎ ጫማዬ ውስጥ ገባ። «ጋሽ ባህሩ፣ እባክዎ! ወደ ቄጤማው እየሄድን ነው!» አልኩ። አንቱታውን እንኳ መቼ እንደመለስኩት አላውቅም፤ በስብሰባው ሰሞን ትቼው ነበር።

እሳቸው ተንበርክከው ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አድርገዋል። እጃቸውን በጋኑ ጎን ሲያሳልፉ እኔም አየሁት። ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቆርቆሮው በጡጫ እንደተመታ ተሰርጉዷል።

«ማን መታው?» አልኩ።

«ማንም አልመታውም። ታፍኖ ነው።» ቀና ብለው መጀመሪያ ሰሙን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረች። የት አለች?»

የት እንዳለች አውቃለሁ። አይቻታለሁ፤ አይቼ ነው የደፈንኳት። ያ ሁሉ ዓሣ፣ ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ የዳሩ ላንድሮቨርና ጠመንጃ፣ ሁሉም የኔ ሰም ነው። በርሜሉ ላይ ሞተሩ ለምን እንደማይቆም ወዲያው ገባኝ፤ ጠርሙሳቸው ክዳን የለውም። ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ለምን እንደምትነሳም ገባኝ፤ አየር በሲባጎው ሥር ቀስ እያለ እየሾለከ ይገባላት ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ነፋሱ ወሰደብኝ። ደግሜ «ጋሽ ባህሩ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

እጃቸው ወደ ማኅተሙ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። ማኅተሙ ተሰብሮ ዳር ከደረስን፣ ለምን ተሰበረ ይባላል። ካልተሰበረ ደግሞ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት አይነሳም፤ እስኪነሳ ቄጤማው ውስጥ ጉማሬው አለ፣ ከተረፍንም ላንድሮቨሩ አለ።

«መርፌ አለሽ?» አሉኝ።

የት አባቴ መርፌ አመጣለሁ! ወዲያው ትዝ አለኝ። ልጄን ለማጥባት እንዲመቸኝ ቀሚሴን ደረቴ ላይ የምይዘው በመርፌ ቁልፍ ነበር። ነቅዬ ሰጠኋቸው። ከማኅተሙ ጥግ፣ ጽሕፈቱ በሌለበት በኩል፣ መርፌዋን ቀስ አድርገው ሰሙ ውስጥ አስገቧት፤ እያሽከረከሩ፣ እየገፉ። ሞገዱ ጀልባዋን ሲያነሳት ይቆማሉ፣ ስትወርድ ይቀጥላሉ። ድንገት ጋኑ «እፍፍፍ» ብሎ አየር ሳበ። ጎኑም «ጓ!» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ጮህኩ፤ ጋሽ ባህሩ ግን ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ጎማዋን ጨመቁ፤ ተነፋች። ገመዱን አንዴ ሳቡ፤ የለም። ቄጤማው እዚህ ነው፤ ውስጡ የሆነ ነገር አንኮራፋ። ሁለተኛ ሳቡ። በሦስተኛው ተነሳች፤ የተነሳችው አነሳስ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እስከ ቡሹሎ ደርሰን ስንመለስ ድምፅዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀጠነም።

የመልሱን መንገድ ሁሉ አለቀስኩ። «ምን ልንላቸው ነው? ቆማ እንደነበር አይተዋል እኮ! እውነቱን ከነገርናቸው አሻጥረኛዋ እኔ ነኝ፤ ቃሉንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ» አልኩ። ጋሽ ባህሩ ዓይናቸውን ከዳሩ ሳይነቅሉ «ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ጡት ይጠባል?»

«ይጠባል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዋርካው አቀኑ።

ዳር ስንደርስ ጓድ ሽበሺ «ቆማለች! ሁላችንም አይተናል! ምክንያቱ ይነገረን!» እያለ ይጮሃል። ያኔ ስብሰባ ሁሉ ሂስና ግለ ሂስ ነበረው፤ ያጠፋ ሰው ቆሞ ራሱን ይነቅፋል። ጋሽ ባህሩ ሳይጠሩ ዋርካው ሥር ሄደው ቆሙ። የስብሰባ ቋንቋ አያውቁበትም። ኮፍያቸውን እያሻሹ «እኔ ጓድ ባህሩ ራሴን እነቅፋለሁ» አሉ። «አየር የሚገባበትን ቦታ ሳላጠራ ቀርቻለሁ። ቸልተኛ ሆኛለሁ። የሌላ ሰው ጥፋት የለበትም። አሁን አስተካክያታለሁ፤ ከእንግዲህ አትቆምም።» መፈክር ማሰማት ረስተው ሊቀመጡ ሲሉ አንዱ ጎትቶ አስታወሳቸው፤ እጃቸውንም ግማሽ ድረስ አነሱ።

እኔ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ቀሚሴን ደረቴ ላይ በእጄ ይዤዋለሁ፤ መርፌ ቁልፏ እሳቸው ጋ ቀርታ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልጄ ከሴትየዋ እቅፍ ሆኖ ሲያየኝ አለቀሰ። አፌን ዘጋሁ።

«አሻጥር ሳይሆን ቸልተኝነት» ተባለና ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ላንድሮቨሩ ወሰዳቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው። የኔ ዝምታ ነቅዞ፣ ነቅዞ፣ ውስጤን በላው።

በየቀኑ ጋኑን አሽጋለሁ፣ ሰው ሲሄድልኝ ሰሙን በመርፌ እበሳዋለሁ። ጀልባዋ አትቆምም። «ባህሩ ከታሰረ ወዲህ ጤነኛ ሆነች፣ አያችሁ?» ይላሉ። ስንቅ ማመላለስ ጀመርኩ። እስር ቤቱ በር ላይ እትዬ ሙሉጌጥን አገኛቸዋለሁ፤ ሰሃኔን ይቀበሉኝና ከሳቸው ጋር ደርበው ያስገቡታል። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ በሩ ላይ እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «እትዬ ሙሉጌጥ፣ የኔ ጥፋት ነው፤ እሳቸው ምንም አላደረጉም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ቀና አልኩ።

«መጀመሪያ የጎበኘሁት ዕለት ነግሮኛል። ሰሃንሽን ለምን የምቀበልሽ ይመስልሻል? እሱ ነው ‹ተቀበያት፣ ካልተቀበልሻት ታብዳለች› ያለኝ። ለኔ ቢሆን ወጡን ፊትሽ ላይ ነበር የምደፋው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጡት የሚጠባ ልጅ አላት ይለኛል። እስቲ አንቺ፣ ጡት የማይጥል ልጅ አሳይኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ።

እኔም ቤቴ ገብቼ ጡቴን ሬት ቀባሁ። ልጄ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፣ አለቀሰ፣ ደግሞ ቀምሶ አለቀሰ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አብረን አለቀስን። እሱ በጡቱ፣ እኔ በሱ። ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ትኩሳት ያዘኝ። በአራተኛው ቀን ወተት በኩባያ ጠጣ። እኔም ልብሱን በፌስታል አድርጌ፣ አዝዬው እትዬ ሙሉጌጥ ቤት ሄድኩ። «ጡት ጥሏል» አልኳቸው። «ጓድ ሽበሺ ጋ መሄዴ ነው። ካልተመለስኩ አባቱ እስኪመጣ እርስዎ ጋ ይሁን። ከርስዎ በቀር የማምነው ሰው የለኝም።» ፊታቸው ተለዋወጠ። ልጁን ከጀርባዬ አወረዱት።

የእስር ብርድ ልብሴን በብብቴ ይዤ ነው ጓድ ሽበሺ ቢሮ የገባሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀዳዳዋን፣ ሰሙን፣ መርፌዋን። ሲሰማ ቆይቶ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እግዜር ያውቃል። ይፍረዱብኝ፤ እሳቸውን ይፍቱ።»

«አንቺ… ማኅተሙን ማን ነው ያጸደቀው?» ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«እርስዎ።»

«ለበላይ አካል ውጤት ብሎ የጻፈውስ?»

«እርስዎ ነዎት።» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውዬው የፈራው ለኔ አልነበረም፤ ሰሙ ላይ የሱም ፊርማ አለበት።

«የተዘጋ ጉዳይ ነው። እኔ አልሰማሁም፣ አንቺም አልተናገርሽም። ውጪ!»

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠላው ያ ምላሴ አንድ ቀን እንኳ ለደግ ይዋል ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫዬ መታሁት። «ካልሰሙኝማ ቅዳሜ ዋርካው ሥር ቆሜ፣ ማህበርተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮኼ ግለ ሂስ አደርጋለሁ! ያጸደቀውንም በስሙ እጠራዋለሁ! ብርድ ልብሴን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ያዩታል!»

ብርድ ልብሱን አየው። «ቆይ… ቆይ እስቲ» አለ፤ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ጋሽ ባህሩ በአሥረኛው ቀን «በመልካም ጠባይ» ተብለው ተፈቱ። ክዳን ማሸጉም በዚያው ሰሞን ያለ ስብሰባ፣ ያለ ጭብጨባ ቀረ።

በተፈቱ ማግስት ቤታቸው ሄድኩ። ከስተው አንገታቸው ብቻ ቀርቷል። ልጄ እትዬ ሙሉጌጥ እግር ሥር እየዳኸ ነበር፤ እኔ በደህና ብመለስም ቀን ቀን ለሳቸው እየተውኩት ነበር ሥራ የምውለው። ይቅርታ ልጠይቅ ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳሁት ቃል ነበረኝ፤ ገና ደጃፉ ላይ ጠፋብኝ። ጋሽ ባህሩ ልጁን አይተው እኔን አዩኝ።

«ጡት ጣለ አሉኝ?»

«ጣለ፣ ጋሽ ባህሩ።»

«በዘጠኝ ወሩ?»

«በዘጠኝ ወሩ።»

«ምነው አንቺ!» ብለው ተቆጡኝ። ስብሰባ ላይ በሰው ፊት አሻጥረኛ ስላቸው ያልተቆጡት ሰው፣ እውነተኛ ቁጣ ተቆጡኝ። «አራት ወር ብቻ ቀርቶኝ ነበር እኮ! አራት ወር ልጁ ቢጠባበት ምን ነበረበት?»

ከዚያ የኮታቸውን ኮሌታ ገለበጡ። እስር ቤት ሲገቡ ኪሳቸውን ሁሉ ፈትሸው ወስደውባቸዋል፤ ኮሌታቸው ሥር ግን የኔ መርፌ ቁልፍ አለች። ነቅለው አወጧት፣ ጫፏን በጣታቸው ሞከሩ፤ ልጁን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና ቁልፉ የወለቀውን ሸሚዙን ደረቱ ላይ በሷ ያዙለት።